አዛዡ «ወዲያው አረፈ» ብሎ ጽፏል፤ መዝገቡ ሆስፒታል ገብቶ ነበር ይላል

የጠየቁኝን ለሌላው አንባቢ ባጭሩ ላስቀምጥ። የባለቤትዎ እናት የጀርመን ወታደር የነበረውን አባታቸውን አያውቁም፤ እሳቸው ገና በማህፀን ሳሉ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1942 ሩሲያ ውስጥ ርዜቭ የምትባል ከተማ አጠገብ ሞቷል። ቤት ውስጥ የቀረው የደንብ ልብስ ለብሶ የተነሣው ፎቶ፣ ለመታሰቢያው የታተመ ትንሽ ካርድና የአዛዡ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው በኦገስት መጨረሻ ለቅኝት ወጥቶ ጭንቅላቱን በጥይት እንደተመታ፣ ሳይሰቃይ ወዲያው እንዳረፈ ይናገራል። የጦር መቃብሮችን የሚጠብቀው ድርጅት ድረ ገጽ ግን ሲቼቭካ በሚባል ከተማ፣ የጦር ሜዳ ሆስፒታል ውስጥ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ሞተ ይላል። የትኛውን እንመን? ቃኚ ወታደር ሲባል ምን ይሠራ ነበር? መቃብሩስ ይገኛል? ብለዋል። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከሁለቱ የሚታመነው የሆስፒታሉ ነው። ሲቼቭካ ከርዜቭ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቭያዝማ በሚወስደው የባቡር መስመር ላይ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለች ከተማ ናት። ያኔ የጀርመን 9ኛ ጦር ስንቅና ጥይት የሚራገፍባት፣ ቁስለኛም የሚጫንባት ጣቢያ ነበረች። በዚያ የኦገስት ውጊያ መካከል ግንባር ላይ የሞተን ሰው 60 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ አጓጉዞ የሚቀብር አልነበረም፤ እዚያው በወደቀበት መንደር ዳር ይቀበር ነበር። ሲቼቭካ የደረሰ ሰው በሕይወት የደረሰ ነው። ስለዚህ ሰውየው ቆስሎ ተነሥቷል፣ በጋሪ ወይም በመኪና ከዚያም ምናልባት በባቡር ተጉዟል፣ ጥቂት ቀናትም ኖሯል። በደብዳቤው ያለው ቀን የቆሰለበት፣ በመዝገቡ ያለው ቀን የሞተበት ነው ብዬ ነው የማነበው።

አዛዡ ዋሽቷል ማለት ነው? በዚያ ጦር ውስጥ ለሟች ቤተሰብ ደብዳቤ መጻፍ የሻምበሉ አዛዥ ግዴታ ነበር። እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎችን ብዙ ያነበበ ሰው ቀመሩን ያውቀዋል። ጥይቱ ጭንቅላት ወይም ልብ ላይ ነው፤ ሞቱ በቅጽበት ነው፤ ሥቃይ የለም፤ ጓደኞቹ ሁሉ ይወዱት ነበር፤ በወታደር ክብር ተቀብሯል። ሆዱን ተመትቶ ሌሊቱን ሙሉ ስለጮኸ ሰው የሚናገር ደብዳቤ እምብዛም አይገጥምም፤ እንዲህ የሞቱት ግን ብዙ ነበሩ። እኛ አገር መርዶ የሚነግር ሰው እውነቱን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ እንደማያፈሰው፣ እነዚህ አዛዦችም የሚጻፈውንና የማይጻፈውን ይለዩ ነበር። ሌላም ምክንያት አለ። አዛዡ ራሱ ቦታው ላይ ላይኖር ይችላል። በቀን ብዙ ሰው እያጣ፣ የጓድ መሪው የነገረውን ይዞ፣ ማታ ምሽግ ውስጥ የሚጽፍ ሰው ነው። የተወሰደው ቁስለኛ ከሦስት ቀን በኋላ የት እንደሞተ እሱ ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

የሆስፒታሉ ወረቀት ግን የተጻፈው ለቤተሰብ አይደለም። እያንዳንዱ ወታደር አንገቱ ላይ ለሁለት የሚሰበር ሞላላ ብረት ነበረው። ሲሞት አንዱ ግማሽ ከአስከሬኑ ጋር ይቀበራል፤ ሌላው ግማሽ ከሪፖርቱ ጋር ወደ በርሊን ይላካል። በርሊን ውስጥ ሪፖርቱን የሚቀበለው መሥሪያ ቤት የተቋቋመው ጦርነቱ ሊጀምር ቀናት ሲቀሩት፣ በኦገስት 1939 ነው፤ ስለ ሙታንና ምርኮኞች መረጃ እንዲሰበስብ የ1929 የጄኔቫ ስምምነት ያስገድድ ነበር። እዚያ የሚጻፈው ካርድ ለጡረታ፣ ለምትክ ወታደር ጥያቄና ለመቃብር መዝገብ የሚያገለግል ደረቅ ወረቀት ነው። ማንንም ማጽናናት የለበትም፤ እኔም የማምነው ለዚህ ነው። ስህተት የለበትም ማለቴ አይደለም። ተመሳሳይ ስም ይምታታል፤ የመንደር ስም ይበላሻል። ግን ስህተቱ የግዴለሽነት እንጂ የርኅራኄ አይደለም።

ደብዳቤውን ግን እንዳይጥሉት። እንዲያውም ፍለጋዎ የሚጀምረው ከእሱ ነው።

የላኩልኝን ግልባጭ አይቼዋለሁ። ፈራሚው ማዕረጉን «ሪትማይስተር» ብሎ ጽፏል። ይህ በእግረኛ ጦር ውስጥ የሌለ፣ የፈረሰኛ ሻምበል ማዕረግ ነው። የጀርመን እግረኛ ክፍለ ጦር ቃኚ ሻለቆች ከድሮው ፈረሰኛ ጦር የወጡ ናቸው። በ1939 ክተት ሲታወጅ የፈረሰኛ ሬጅመንቶቹ ተበታትነው ለየክፍለ ጦሩ ዓይንና ጆሮ እንዲሆኑ ተሰጡ፤ ማዕረጋቸውንም፣ ወርቃማ ቢጫ የትከሻ ጠርዛቸውንም ይዘው መጡ። ሻምበል የሚያክለውን ክፍል እንደ እግረኛው «ኮምፓኒ» ሳይሆን «ሽቫድሮን» ይሉት ነበር። ተራው ወታደርም «ራይተር» ማለትም ጋላቢ ይባል ነበር፤ የሚጋልበው ብስክሌት ሆኖም እንኳ። በፎቶው ጥቁርና ነጭ ቀለም ቢጫውን መለየት አይቻልም፤ ግን ትከሻውን በማጉያ መነጽር ይዩት። «አ» የሚል ድምፅ ያለው የላቲን የመጀመሪያ ፊደልና ከሥሩ ቁጥር ካለ የቃኚ ሻለቃ ምልክት ነው። ከሌለ አይዘኑ፤ ጦርነቱ ሲጀመር ለምሥጢር ሲባል እንዲነሣ ታዟል።

በመታሰቢያው ካርድ ላይ «በአንድ ቃኚ ሻለቃ ውስጥ» ብቻ ተብሎ ቁጥር ያልተጻፈውም ለዚሁ ነው። እነዚህ ካርዶች በደቡብ ጀርመን ካቶሊኮች ዘንድ በቅዳሴው ላይ የሚታደሉ ናቸው፤ የክፍሉን ቁጥር ማተም ክልክል ነበር። ግን ካርዱ ሌላ ነገር ይነግረናል። ሽልማቶቹ መካከል «የምሥራቅ ሜዳሊያ» አለ ብለዋል። ያ ሜዳሊያ የተሰጠው ከኖቬምበር 1941 አጋማሽ እስከ ኤፕሪል 1942 አጋማሽ በነበረው ክረምት በምሥራቅ ግንባር ለተዋጉ ወይም ለቆሰሉ ነው። ወታደሮቹ ራሳቸው «የበረዶ ሥጋ ኒሻን» እያሉ ያሾፉበት ነበር። እንግዲህ ሰውየው በበጋው የመጣ አዲስ ምልምል አይደለም። ሞስኮ በር ላይ የተሸነፈውን ያንን ክረምት አልፏል።

የሻለቃውን ቁጥር ለማግኘት ፖስታውን ፈልጉ። ፖስታው ከጠፋም የደብዳቤው ራስጌ ላይ ባለ አምስት አኃዝ ቁጥር ይኖራል፤ «ፌልድፖስትኑመር» ይሉታል። ወታደሩ ያለበት ቦታ እንዳይታወቅ አድራሻው ይህ ቁጥር ብቻ ነበር። ከቁጥሩ በኋላ አንድ ፊደል ካለ የትኛው ሽቫድሮን እንደሆነም ያመለክታል። የቁጥሮቹ መፍቻ ዝርዝር ዛሬ በይፋ ይገኛል። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፤ አንዳንዱ ቁጥር በጦርነቱ መካከል ከአንዱ ክፍል ተወስዶ ለሌላ ተሰጥቷል። ስለዚህ መፍቻው ላይ ያለውን ዘመን ከደብዳቤው ቀን ጋር ያመሳክሩ። ፖስታው ላይ ማኅተም ካለም ቀኑን ይመልከቱ።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ሌላው ነገር የአንገቱ ብረት ነው። ብረቱ ላይ የተቀረጸው ወታደሩ መጀመሪያ የገባበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ያሠለጠነው የምትክ ክፍል ነው እንጂ የሞተበት አይደለም። በዚያ ቁጥር ተመርተው ያልነበረበትን ውጊያ ሁሉ ለአያታቸው የሰጡ ቤተሰቦች አሉ። የቃኚ ሻለቃው ቁጥርና የክፍለ ጦሩ ቁጥርም ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ሰሜን አፍሪካ የወረደው 3ኛው ቃኚ ሻለቃ የ5ኛው ቀላል፣ በኋላም የ21ኛው ታንከኛ ክፍለ ጦር ነበር፤ 33ኛው ደግሞ የ15ኛው። በቁጥር ብቻ የሚገምት ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል።

አማትዎን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፤ «ቬርፓስ» የሚባል ግራጫ ወይም ቡናማ ትንሽ ደብተር ቤት ውስጥ አለ? ወታደሩ ኪሱ የሚይዘው ሌላ ነው። ቬርፓሱ በጦርነቱ ጊዜ በክፍሉ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥና ሰውየው ሲሞት ለቤተሰቡ ይላክ ነበር። የገባባቸው ክፍሎች በሙሉ በቀን ተዘርዝረው፣ የተሳተፈባቸው ውጊያዎችም ተራ በተራ ተጽፈው ይገኙበታል። ሣጥን ሥር፣ የጋብቻ ወረቀት መሐል፣ የአክስት ልጅ ቤት ይሆናል። እሱ ከተገኘ ከዚህ በታች የምለው ግማሹ ሥራ ተሠራ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቃኚነቱ። ቤተሰቦች «ቃኚ ነበር» ሲባል በጨለማ በጠላት መስመር ውስጥ የሚሾልክ ሰው ይታያቸዋል። በ1941 በጋ ለአንዳንዱ እውነት ነበር። የተለመደው የእግረኛ ክፍለ ጦር ቃኚ ሻለቃ አንድ የፈረሰኛ ሽቫድሮን፣ አንድ የብስክሌት ሽቫድሮን፣ አንድ ደግሞ ከባድ ሽቫድሮን ነበረው። በከባዱ ውስጥ ሁለት ባለ 75 ሚሊ ሜትር ቀላል መድፎች፣ ሦስት ባለ 37 ሚሊ ሜትር የታንክ መቃወሚያዎችና ጥቂት ብረት ለበስ መኪኖች ነበሩ። በታንከኛና በሞተረኛ ክፍለ ጦሮች ያሉት በብረት ለበስና በሞተር ብስክሌት የሚሄዱ፣ ሌላ ዓይነት ናቸው። የእግረኛው ቃኚ ሥራው ከዋናው ጦር ቀድሞ ድልድዩ መኖሩን፣ መንደሩ መያዙን፣ መንገዱ ጋሪ መቻሉን አይቶ መመለስ ነው። ጥቂት ሰዎች ያሉት ቡድን ይላካል፤ ተኩስ ሲከፈትበት ጠላት የት እንዳለ ታወቀ ማለት ነው። ከፊት የሚሄዱት እንዴት እንደሚያልቁ ከዚህ ይገባዎታል። በዚያ በጋ ሻለቆቹ ብዙ ጊዜ በመሐንዲስና በታንክ መቃወሚያ ተጠናክረው ግንባር ቀደም ጦር ሆነው ወደ ምሥራቅ ይሮጡ ነበር።

ርዜቭ ላይ በ1942 ግን የሚሮጥበት አልነበረም። ግንባሩ ቆሟል። ፈረሶቹ በክረምቱ በብርድና በረኃብ አልቀዋል፤ የቀሩትም ለጋሪ ተፈልገዋል። ብስክሌት በሩሲያ ጭቃ ምን እንደሚሠራ ልነግርዎ አያስፈልግም። በዚያ ዓመት የብዙ እግረኛ ክፍለ ጦሮች ቃኚ ሻለቆች ከታንክ መቃወሚያው ጋር ተዋሕደው «ፈጣን ሻለቃ» ተብለዋል፤ በ1943 ደግሞ አብዛኞቹ «ፉዚሊር» የሚል የእግረኛ ስም ተሰጥቷቸዋል። ስሙ ምንም ይሁን፣ ሥራቸው መስመሩ በተበሳበት ሁሉ እየሮጡ መድፈን ሆኖ ነበር። ስለዚህ «ለቅኝት ወጥቶ» የሚለውን የደብዳቤውን ቃል በጥርጣሬ ነው የማየው። በኦገስት መጨረሻ ርዜቭ አጠገብ የነበረ ቃኚ ወታደር በይበልጥ የሚገመተው ምሽግ ውስጥ እንደማንኛውም እግረኛ በመድፍና በሞርታር ሥር ተቀምጦ ነው።

ያ ኦገስት ምን እንደነበር ባጭሩ ላስረዳ። ሶቪየቶች ጁላይ 30 በርዜቭ ሰሜን፣ ኦገስት 4 ደግሞ በምሥራቅ፣ ፖጎሬሎዬ ጎሮዲሽቼ በምትባለው ቦታ አጠቁ። ሰሜኑን ጄኔራል ኮኔቭ፣ ምሥራቁን ጄኔራል ዙኮቭ ይመሩ ነበር። ዝናቡ አላቋረጠም፤ ሁለቱም ወገን ጭቃ ውስጥ ነው የተዋጋው። ኦገስት 23 ሶቪየቶች ዙብጾቭ የምትባለውን ከተማ መልሰው ያዙ፤ ከዚያ በኋላ ውጊያው ወደ ራሷ ወደ ርዜቭ ዳርቻ ተጠግቶ እስከ ሴፕቴምበር ዘለቀ። የሶቪየት ወገን የከፈለው የሕይወት ዋጋ ከጀርመኑ በብዙ ይበልጣል። ጀርመኖቹ ቦታውን የለቀቁት በማርች 1943 ነው፤ ተሸንፈው ሳይሆን መስመሩን ለማሳጠር ራሳቸው ወጥተው።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው አንድ ነገር አለ። ሻለቃው በ9ኛው ጦር ሥር ከነበረ፣ በ1942 ጁን እና ጁላይ ላይ የክፍለ ጦሩ ወረቀት ስለ ቃኚዎቹ ዝም ሊል ይችላል። ምክንያቱም 9ኛው ጦር ከየክፍለ ጦሩ ቃኚ ሻለቆች ሰውና ፈረስ ሰብስቦ በኮሎኔል ፎን ዴር ሜደን የሚመራ ለልዩ ተግባር የተዘጋጀ የፈረሰኛ ብርጌድ አቁሞ ነበር። ይህ ብርጌድ ከጁላይ 2 እስከ 12 በተካሄደው «ዛይድሊጽ» በተባለው ዘመቻ፣ ቤሊ በምትባል ከተማ አካባቢ ተከበው የቀሩትን የሶቪየት 39ኛ ጦርና 11ኛ ፈረሰኛ ኮር ለመደምሰስ ረግረጉንና ጫካውን ተሻግሮ ተዋግቷል። ቬርፓሱ ላይ የጁላይ ውጊያ የክፍለ ጦሩ ካልመሰለ እዚያ ይፈልጉ፤ ፋይሉ ያለው ከ9ኛው ጦር ጠቅላይ መምሪያ ወረቀቶች ጋር ነው።

ወረቀቶቹ የት ናቸው? የግለሰቡ ካርድ በርሊን ነው። ያ በ1939 የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ከጦርነቱ በኋላም ሥራውን ቀጥሎ፣ ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ የጀርመን ፌዴራል ቤተ መዛግብት የ«ቡንደስአርሺቭ» አካል ሆኗል። ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀንና ቦታ ጽፈው የማመልከቻ ቅጹን ይልካሉ። «የሞት ሪፖርቱን፣ የመቃብር ካርዱንና የቁስል ወይም የሆስፒታል ማስታወሻ ካለ ቅጂውን» ብለው ለይተው ይጠይቁ፤ ዝም ብሎ «መረጃ» ብሎ የጠየቀ ሰው አንድ ገጽ ማጠቃለያ ነው የሚደርሰው። መልሱ ወራት ይፈጃል፤ ከዓመት ያለፈበትም አለ። የሞት ሪፖርቱ ቁስሉን በምኅጻረ ቃል ይጽፋል፤ የእግረኛ ጥይት ነው፣ የመድፍ ነው፣ የቦምብ ፍንጣሪ ነው፣ የተመታውስ የት ላይ ነው የሚለውን። «ጭንቅላቱን» የሚለው የደብዳቤ ቃል የሚፈተነው እዚህ ነው።

ይህን እየጠበቁ ሁለተኛ በር አለ። የወታደሩ ሞት ከበርሊን ተነግሮ የመጨረሻ መኖሪያው በሆነው ከተማ ወይም መንደር «ሽታንደስአምት»፣ ማለትም የክብር መዝገብ ቢሮ፣ ይመዘገብ ነበር። የሞት መዝገብ 30 ዓመት ካለፈው ለማንም ክፍት ስለሆነ የ1942ቱ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ በከተማው ቤተ መዛግብት ነው። የዚህ መልስ በሳምንታት ይመጣል፤ ቦታውንና ሰዓቱን ሳይቀር የሚጽፍ አለ። እዚህ ላይ ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። የሞቱ ቀን ዲሴምበር 31 ቀን 1945 ተብሎ ካገኛችሁ ያ ሰውየው የሞተበት ቀን አይደለም። የደረሰበት ያልታወቀን ወታደር ፍርድ ቤት ሞቷል ብሎ ሲወስን የሚያስቀምጠው የሕግ ቀን ነው።

የክፍሉ ታሪክ ያለው ፍራይቡርግ፣ በቤተ መዛግብቱ የጦር ክፍል ነው። አሜሪካኖች የማረኳቸውን ሰነዶች ወደ አገራቸው ወስደው በማይክሮፊልም ካነሡ በኋላ አብዛኛውን መልሰዋል፤ ስለዚህ ዋሽንግተንም ቅጂው አለ። የቃኚ ሻለቃው የራሱ የውጊያ ማስታወሻ ይተርፋል ብለው ብዙ ተስፋ አያድርጉ፤ ከክፍለ ጦር በታች ያለው ብዙው ጠፍቷል። የክፍለ ጦሩን ይክፈቱ። አብዛኛው ሰው የዘመቻ መኮንኑን ማስታወሻ አንብቦ ይመለሳል። ለቃኚ ግን ዋናው የጠላት መረጃ መኮንኑ ፋይል ነው፤ ቅኝት የወጡ ቡድኖች ያመጡት ሪፖርት፣ የምርኮኛ ምርመራ፣ በእጅ የተሳለ ካርታ እዚያ አባሪ ሆኖ ይገኛል። የተራ ወታደር ስም አይጠብቁ። «ከ2ኛው ሽቫድሮን አንድ የመቶ አለቃና ስምንት ሰው በሌሊት ወጡ፤ ሁለት ቆሰሉ» የሚመስል መስመር ከቀኑ ጋር ከገጠመ ግን ደብዳቤው «ለቅኝት ወጥቶ» ያለው እውነት ነው ማለት ነው፤ እኔም ከላይ ያልኩትን ጥርጣሬ አነሣለሁ።

ያ ፋይል ሌላም ነገር ይዟል፤ «ምን ሲሠራ ነበር» ብለው ስለጠየቁ ሳልናገረው አላልፍም። የሶቪየት ጦር ፖለቲካ መኮንኖች ሲያዙ እንዲገደሉ በጁን 1941 የወጣው ትእዛዝ አፈጻጸም ሪፖርት የሚደረገው በዚሁ በመረጃ መኮንኑ በኩል ነበር። ምርኮኛን መጀመሪያ የሚያገኙት ከፊት ያሉት፣ ማለትም ቃኚዎች ነበሩ። በኋላ በኢጣሊያ የሆነውም ይታወቃል። በኦገስት 23 ቀን 1944 በፉቼክዮ ረግረግ 174 ሰላማዊ ሰዎች ሲገደሉ ከ26ኛው ታንከኛ ክፍለ ጦር ቃኚ ሻለቃ የመጡ ወታደሮች ነበሩበት። ከዚያ በወሩ በማርዛቦቶ ወደ 770 ሰው ያለቀበትን ግድያ የመራው የኤስኤስ፣ ማለትም የናዚ ፓርቲ የራሱ ጦር፣ ቃኚ ሻለቃ አዛዡ ቫልተር ሬደር ነው። እነዚህ የሌላ ግንባርና የሌላ ዓመት ናቸው፤ በእርስዎ ሟች ላይ ምንም አይመሰክሩም። የማነሣቸው «ቃኚ» የሚለው ስም ንጹሕ የሚመስል የሙያ ስም ስለሆነ ነው። ርዜቭም ራሷ ከጦርነቱ በፊት ከ50 ሺህ በላይ ሰው ይኖርባት ነበር፤ ጀርመኖቹ ሲወጡ ከተማዋ ውስጥ የተገኘው ጥቂት መቶ ነው። የክፍለ ጦሩን ወረቀት ሲያዙ የጁንና የጁላይ 1941ን እና የክረምቱን ጭምር ያዙ፤ የሞተበትን ሳምንት ብቻ አይደለም። ሳምንቱን ብቻ ያነበበ ቤተሰብ የተጎጂ ታሪክ ብቻ ይዞ ይቀራል። ለአማትዎ ምን ያህሉን እንደሚነግሩ ግን ባለቤትዎ ይወስን፤ እናቱ ናቸው፣ ጥያቄውም የእሳቸው ነው።

መቃብሩን በተመለከተ የድረ ገጹን ቃል አሰጣጥ ልብ ብለው ያንብቡ። ድርጅቱ፣ «ፎልክስቡንድ»፣ በ1919 የተቋቋመ ማኅበር ነው፤ ሩሲያ ውስጥ አስከሬን የማውጣት ፈቃድ ያገኘው በ1992 ከተፈረመው ስምምነት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በምሥራቅ አውሮፓ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ አስከሬን አንሥቶ በትልልቅ መቃብሮች አሳርፏል። «ኤንድግራብላገ» የሚል ቃልና ከሥሩ የብሎክ፣ የረድፍና የመቃብር ቁጥር ካለ አስከሬኑ ተገኝቶ፣ ተለይቶ አርፏል። «እስካሁን በዚህ ቦታ ይገኛል» የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻ ካለ አስከሬኑ ገና አልተነሣም፤ ሲቼቭካ በነበረው የሆስፒታሉ መቃብር ውስጥ ነው ወይም ነበር ማለት ነው። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ መቃብሮች ጀርመኖቹ ከሄዱ በኋላ ታርሰዋል ወይም ቤት ተሠርቶባቸዋል። ርዜቭ ላይ በ2002 የተመረቀ የጀርመን መቃብር አለ፤ ከአጠገቡ የሶቪየት ወታደሮች መካነ መቃብር ይገኛል። ነገር ግን ርዜቭ በትቬር ክልል ስትሆን ሲቼቭካ ያለችው በስሞሌንስክ ክልል ነው። ስለዚህ ከሲቼቭካ የተነሣ ሰው ርዜቭ ከሌለ በ2013 በተከፈተው በዱኾቭሽቺና መቃብር ሊሆን ስለሚችል በሁለቱም ስም ይፈልጉ። የስም አጻጻፉንም እየቀያየሩ ይሞክሩ፤ በጦር ሜዳ የተጻፈ ስም ፊደል ይጎድለዋል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ኢንተርኔት ላይ የሙታንን የአንገት ብረት የሚሸጡ አሉ፤ ከመቃብር ተቆፍሮ የወጣ ነውና የሚፈልጉት ስም ቢመጣም እንኳ ገንዘብ አይክፈሉ፤ ለፎልክስቡንድ ያሳውቁ። በጥቂት ቀን «ሙሉ የውትድርና ታሪክ» አመጣለሁ የሚል ሰው ካጋጠመዎት ደግሞ የትኛውን ፋይል እንደከፈተ ቁጥሩን ይጠይቁት። ፋይል የከፈተ ሰው ቁጥሩን ያውቃል።

በዚህ ሳምንት የሚሠሩት እንግዲህ ሦስት ነገር ነው። ለሽታንደስአምቱ ከተማ ቤተ መዛግብት ይጻፉ፤ ለበርሊን ቅጹን ይላኩ፤ የደብዳቤውን ራስጌና ካለ ፖስታውን በሁለቱም ገጽ በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ። ቁጥሩ ከተነበበ ሻለቃውን እኔ አገኝልዎታለሁ፤ የፍራይቡርጉን የፋይል ቁጥርም አብሬ እልካለሁ።